የተቀበረው አሚቾ

ደበሌ ባዩን የሰደበው በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ኅዳር ሚካኤል ዕለት፣ ቅዳሴ ወጥቶ የማኅበሩ ጠላ ሲቀዳ ነው። ቦታው ከቡታጅራ ወጣ ብላ ካለችው ደብር አጠገብ፣ ከዋርካው ሥር። ደበሌ በግራ እጁ ጭራውን፣ በቀኝ እጁ ጠላውን ይዞ ነበር። ከጎኑ ማን እንደ ተቀመጠ፣ ማን ጮክ ብሎ እንደ ሳቀ፣ ማን ደግሞ ሳቁን በጋቢው ጫፍ እንደ ደበቀ፣ ባዩ አንዱንም አልሳተም።

ባዩ ከየኔታ ዘንድ ፊደል ቆጥሮ ንባብ እንደ ጀመረ አባቱ ሞተበትና ትምህርቱን ጥሎ መርካቶ ለሸክም ሄደ። ከዚያች ትምህርት ሳይጠፋው የቀረው የበዓላት አቆጣጠር ብቻ ነው፤ እሷንም ስድብ መያዣ አደረጋት። «አንተ አህያ፣ ጭነቱን ቀና አርገው» ያለው የጨው ነጋዴ በሐምሌ ሥላሴ ማግስት ነበር። በሠርጉ ቀን «እኅታችን ከዚህ የተሻለ አጥታ ነው?» ብለው የተንሾካሾኩት የሚስቱ ዘመዶች በጥር ማርያም ዋዜማ ነበሩ። ሌላው ሰው በዓሉን ለስለት ሲያስበው ባዩ ለቂም ያስበዋል።

የኅዳር ሚካኤሉ ግን ከሁሉም የባሰ ነበር። የማኅበሩ ተራ ለሚመጣው ወር ባዩ ጋ ይደርሳል። ባዩ ደግሞ ባዶ እጁን ነው። ጓሮውን የሞላው እንሰት ከመስቀል ወዲህ ዓይኑ እያየ አልቆበት፣ ተራው እንዲተላለፍለት ለመለመን አንገቱን ደፍቶ ብድግ አለ። ነገሩን ሳይጨርስ ደበሌ ከአፉ ነጠቀው። ደበሌ የሚስቱ የየሺመቤት ታላቅ ወንድም ነው፤ ቡታጅራ ከተማ የበርበሬ መጋዘን አለው፤ ሲናገር ሰው ዝም ይላል።

«ተራውን አታስተላልፉለት፣ ሰርዙት» አለ። «እንሰት የሌለው ጓሮ ወንድ የሌለው ቤት ነው። እግዜር ራሱ ጀርባውን የሰጠውን ሰው እኛ ምን እናድርገው? እኅቴ ልጆቿን ይዛ ከኔ ግቢ ትግባ። እሱም ይምጣ፣ መጋዘን ይጠብቅልኝ፤ ውሻዬ አርጅቷል።»

ሰው ሳቀ። ባዩ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ቀረ። መልስ አጥቶ አይደለም፤ መልሱ በዝቶ አንዱ ካንዱ ተጋፋበት እንጂ። ቤቱ ከገባ በኋላ ሁሉም በየተራ መጣለት፤ ያን ጊዜ ምን ያደርጋል።

በእንሰት አገር እንሰት የሌለው ሰው ምን ማለት እንደ ሆነ ለዚያ አገር ሰው አይነገረውም። እህል በዓመቱ ይዘራል፣ በዓመቱ ያልቃል። እንሰት ግን አባት ተክሎት ልጅ ይበላዋል፤ ዝናብ ቢቀር፣ አንበጣ ቢመጣ፣ ጓሮ ውስጥ ቆሞ ይጠብቃል። የባዩ እንሰት ከመስቀል በኋላ ነው መታመም የጀመረው። መጀመሪያ የመሐሉ ቅጠል ቢጫ ሆነ፤ ቀጥሎ እንደ ሰከረ ሰው ዘመም አለ፤ ግንዱ ሲቆረጥ የሚገማ ውኃ አዠ። አንዱ ሲወድቅ ጎረቤቱ ተከተለው። ከዚያ ሁሉ የተረፈችው ከቤቱ ጀርባ፣ ከበረቱ ማዶ ብቻዋን የቆመች አንዲት እንሰት ነበረች። ቀጭን ስለሆነች ለመስቀል ድግስ እንኳ ቅጠሏን የቆረጠ የለም።

የሺመቤት ያቺን እንሰት በዓይኗ ለክታ ጨርሳለች። ግንዷ ተፍቆ ትንሽ ቆጮ ይወጣዋል። ሥሯ፣ አሚቾው፣ ተቀቅሎ ልጆቹን ለጥቂት ጊዜ ያቆያል። ከዚያ በኋላ ያለውን እሷም አታውቅም። ያም ሆኖ ከወንድሟ ግቢ በልመና መግባት ሞቷ ነው፤ ይህንን ለባሏ ሳትናገር በልቧ ይዛዋለች።

ባዩ ግን ሌላ ነገር አሰበ። በዚያ አገር እንሰት የሚባዛው በዘር አይደለም። አሚቾው ተነቅሎ፣ እምብርቱ ተፈልፍሎ ወጥቶ፣ በፈንታው ፍግና ጠጠር ተሞልቶ ይቀበራል። እናቲቱ መሬት ውስጥ ትበሰብሳለች፤ ከጎንና ከጎኗ ብዙ ችግኝ ይበቅላል። ይህን ሁሉም ገበሬ ያውቃል። ቤቱ በልቶ ሲያድር ነው እንጂ፣ ልጆቹ ሲራቡ የሚያደርገው ማንም የለም።

ነገሩን ይዞ ወደ ቄስ አለሙ ሄደ። ቄሱ የንስሐ አባቱ ናቸው፤ ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር አያስረዝሙም። ባዩ ስለ እንሰቱ ከመናገሩ በፊት የደበሌን ስድብ ከነቀኑ፣ ከነሰዓቱ ተረከላቸው። የጨው ነጋዴውንም ጨመረበት። ቄሱ ሰምተው ሰምተው ጨረሱና፣ «ልጄ፣ የሰው ቃል እንዲህ ከያዝክ የእግዚአብሔርን የምታስቀምጥበት ቦታ ከየት ታመጣለህ?» አሉት። ባዩ ከፋው። እሳቸውንም በቀናቸው ሊይዛቸው ልቡ ቃጣ።

ከዚያ ስለ አሚቾው ነገራቸው። ቅበረው አላሉትም፤ ብላውም አላሉትም። «የሚቀበር ሁሉ የሞተ አይደለም» አሉ በመጨረሻ። «ብትቀብረው ግን በእልህ አትቅበረው። ደበሌን ላሳየው ብለህ የቀበርከው እንደ ሆነ፣ ባይበቅል ከደበሌ ጋር ትጣላለህ። ለእግዚአብሔር አደራ ብለህ ከቀበርከው፣ ባይበቅልም የምትጠይቀው ጌታ አለህ።»

ይህ ቃል ለባዩ ገባው ማለት አይቻልም። እልሁም አልወጣለትም። ግን ይዞት ወደ ቤቱ ሄደ።

የሺመቤት ስትሰማ አልጮኸችም። እንሰቷን ሊቆርጥበት የያዘውን ቢላ ከእጁ ተቀብላ ጭኗ ላይ አስቀመጠችና፣ «አንተ ሰው፣ ወለተ ሐና ትናንት ማታ ምን እንዳለችኝ ታውቃለህ?» አለችው። ወለተ ሐና ትንሿ ልጃቸው ናት፤ ጊዜው የገና ጾም ነው። «'እማዬ፣ ጾሙ መቼ ነው የሚፈታው?' አለችኝ። ልጂቱ የራባት ጾም ስለሆነ መስሏታል። ይፈታል አልኳት። ሲፈታ ምን ልሰጣት ነው?»

ባዩ ሒሳቡን ነገራት። እንሰቷን ዛሬ ብንበላት ለጾሙ መፍቻ አትደርስም፤ ብንቀብራት ለሌላ ዓመት ጾም መፍቻ ትደርስ ይሆናል፤ ያለው ይኼን ብቻ ነው። የሺመቤት ተነሣች። ከዚያ ቢላውን እሳት ውስጥ ጨመረችና እስኪቀላ ጠበቀች። «ይኼ ቢላ ስንቱን ነክቶ እንደ መጣ አላውቅም» አለች። «ከቆረጥክ በንጹሕ ቁረጥ።»

ግንዱን ፍቃ ያገኘችውን ያህል ቆጮ አደረገች። አሚቾው ቀረ።

አሁን ደግሞ የት ይቀበር? የባዩ መሬት በሽታ የገባበት መሬት ነው። ከወንዙ ማዶ ያለው ጎረቤቱ ሸረፋ እንሰቱ ለምልሞ እንደ ቆመ ነው። ባዩ ለመለመን አፉ እንቢ ብሎት አጥሩ ሥር ሲመላለስ፣ ሸረፋ ራሱ ወጣና ሰላምታ ሰጠው። ሸረፋ ተረበኛ ነው፤ ቀልድ ሳይጨምር መልካም ነገር አያደርግም።

«የኔ እንሰት ለምን እንደ ዳነ ታውቃለህ?» አለው። «እናንተ ለመስቀል ቅጠል ልትቆርጡ አንድ ቢላ ይዛችሁ ከጓሮ ጓሮ ትዞራላችሁ። እኔ መስቀል የለኝ፣ ቢላ አልዞረብኝ። ወላሂ፣ እስላምነቴ በዚህም በዚያም በጀኝ።» ከዚያ ሳቁን አቆመና የጓሮውን ጥግ አሳየው። «እዚያ ቅበር። ከበቀለ ትንሽ ታካፍለኛለህ። ካልበቀለም ጉድጓዱ ላንተ ይሁን፣ ድካምህ ነው።»

ባዩ ቀኑን ሙሉ ቆፈረ። እምብርቱን ፈልፍሎ አወጣ፤ ፍጉን ሞላ፤ አፈር አለበሰው። ሲጨርስ ተንበረከከ። ሊጸልይ ያሰበው ሌላ ነበር፤ ከአፉ የወጣው ግን፣ «ጌታዬ፣ እኔ ሌላ የለኝም። አንተም ታያለህ» የሚል ብቻ ሆነ።

ወሬው ከባዩ ቀድሞ ከተማ ደረሰ። «ባዩ እራቱን ቀበረ» ተባለ። ደበሌ መጋዘኑ ደጅ ተቀምጦ፣ ተዝካሩ መቼ ነው ብሎ እንደ ጠየቀ ነገሩት። ባዩ ቀኑን ያዘ።

በጋው ረዘመ። ቆጮው አለቀ። ሁዳዴ ገባ፤ የሺመቤት ጎመን እየቀቀለች፣ ከሰው ቤት ገብስ እየፈጨች፣ ከምትፈጨው እየተከፈላት አቆየቻቸው። ባዩ በየጠዋቱ ወንዙን ይሻገርና ያቺን ጥግ ያያል። ፍልፈል እንዳይገባበት ዙሪያዋን ቦይ ቆፈረላት። መሬቱ ግን ዝም ነው። ዝናቡ ቀርቷል፤ አፈሩ ደርቆ ተሰነጣጥቋል። ሸረፋም ቀልዱን ተወ፤ ያ ደግሞ ባዩን ይበልጥ አስፈራው።

በሁዳዴ መጨረሻ ወለተ ሐና ታመመች። ትኩሳት ነው፤ ግን ከትኩሳቱ በታች ያለው ረሀብ መሆኑን ሁሉም ያውቃል። ባዩ መቆፈሪያውን አነሣና ወንዙን ተሻገረ።

አሚቾ መሬት ውስጥ ቶሎ አይበሰብስም። ከጎን ከጎኑ ቢቆረጥ የሚበላ ይገኝበት ይሆናል። ባዩ ይህን ለራሱ እየነገረ አፈሩን ዳሰሰ። አንድ ጊዜ ቆፈረ። ሁለተኛ ሊደግም መቆፈሪያውን ሲያነሣ እጁ እንቢ አለው። ተቀመጠ። በዚያ ተቀምጦ እግዚአብሔርን መውቀስ ጀመረ። ከሰው ጋር እንደሚሟገት ተናገረ። የሐምሌ ሥላሴውን፣ የጥር ማርያሙን፣ የኅዳር ሚካኤሉን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ ከነቀኑ ዘረዘረለት። «ያን ቀን የት ነበርክ? በዚያኛውስ?» እያለ። ሲጨርስ ደረቱ ባዶ ሆነ። የሚጨምረው ስድብ አጣ። በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ቂሙ አለቀበት።

ዝም ሲል የሰማው ምንም ድምፅ የለም። ብርሃን አልወረደለትም። ግን አንድ ነገር ግልጽ ብሎ ታየው፤ እስከ ዛሬ ያልለመነው አንድ ደጅ ብቻ ቀርቷል። ያም ደጅ የደበሌ ነው። አሚቾውን ለማውጣት የሚሻው ልጁ ስለራባት ብቻ አይደለም፤ ወደዚያ ደጅ ላለመሄድም ነው። ያን ደጅ ከመለመን ይልቅ የልጆቹን የነገ ጓሮ ሊበላ ነበር።

የቆፈረውን አፈር መልሶ አለበሰ፤ በእጁ ጠቀጠቀው። ከዚያ ተነሥቶ መቆፈሪያውን እንደያዘ ቡታጅራ ሄደ።

ከደበሌ መጋዘን ደጅ የጭነት መኪና ቆሟል። በርበሬው ለአዲስ አበባ ይጫናል። ባዩ፣ «ጋሼ፣ ተሸካሚ ያስፈልግዎታል?» አለው። ደበሌ ከላይ እስከ ታች አየው። መቆፈሪያውን አየ። «መቃብር ቆፋሪ እንኳ አያስፈልገኝም» አለ፤ ተሸካሚዎቹ ሳቁ። ደበሌ አብሯቸው ሳቀና፣ «ጫን እንግዲህ» አለው።

ባዩ ጫነ። በርበሬው አፍንጫውን ለበለበው፤ አንገቱን አቃጠለው። ከመርካቶ ከወጣ ወዲህ ጀርባው እንዲህ አጎንብሶ አያውቅም። ሲጨርስ በገብስ ክፈሉኝ አለ፤ ሰፈሩለት። እየሮጠ ቤቱ ገባ። የሺመቤት ከገብሱ አጥሚት አበስላ ለወለተ ሐና ስታጠጣት ባዩ ማጀት ሥር ተቀምጦ እጁን አየ። እጁ እስከ ክርኑ ቀይ ነበር። «ከየት አመጣኸው?» ብላ የሺመቤት አልጠየቀችም። በርበሬው ይሸታል።

በማግስቱም ሄደ። በዚያም ማግስት። ስድቡ አልቀረለትም፤ ደበሌ ቀን አይዘልም። ባዩም ቀኑን መያዝ አልተወ፤ ልማድ ነውና። ብቻ አሁን እያንዳንዱን ስድብ ይዞ ማታ ወንዙን ይሻገራል፤ አፈሯ ላይ ቆሞ «ይኼውልህ የዛሬው» ብሎ ለጌታው ያስረክበዋል፤ ወደ ቤቱ ባዶውን ይገባል። ቄስ አለሙ ይህንን ሰምተው፣ «ይኼም ጸሎት ነው፣ ጥሩ ባይሆንም» አሉ።

ከፋሲካ በኋላ ዝናቡ ወረደ። በመጀመሪያው ሳምንት ምንም አልታየም። ባዩ አፈሩን ቢቧጥጥ ቡቃያውን እንዳይሰብር ፈርቶ እጁን ከኋላ አጣምሮ ይቆማል። አንድ ጠዋት ወንዙን ሲሻገር ሸረፋ አጥሩ ላይ ተደግፎ ሲጠብቀው አገኘው። ሸረፋ በአገጩ አመለከተው። ከአፈሩ ውስጥ እንደ ጦር ጫፍ የተጠቀለሉ አረንጓዴዎች ወጥተዋል። አንድ አይደሉም። ከጎን፣ ከጎን፣ አፈሩን እየገፉ ገና የሚወጡ አሉ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሸረፋ። «ባዩ፣ ሚስትህ ገና አላየችም። ሂድ ጥራት፣ ቆመህ አታልቅስ።»

ባዩ እንዳላለቀሰ ሊነግረው ፈለገ። ግን ሄደ፣ የሺመቤትን ጠራት። የሺመቤት መጥታ ተንበረከከችና በጣቷ ሳትነካ ቡቃያዎቹን ቆጠረች፤ ቁጥሩን ለማንም አልተናገረችም። ዓይን እንዳይገባባቸው ነው።

ችግኝ ግን በዚያው ዓመት አይነቀልም። ባዩ ዓመቱን ሙሉ ሸክሙን አልተወም። በሚተርፈው ቀን የጓሮውን ላይኛ ጠርዝ፣ እንሰት ተተክሎበት የማያውቀውን ድንጋያማ ቦታ መነጠረ። ድንጋዩን እየለቀመ ካብ ካበው። እንሰቱ የታመመበት መሬት ላይ በርበሬ ዘራ። ወለተ ሐና ድና፣ ድንጋይ በቀሚሷ እያቀበለችው፣ «አባዬ፣ ይኼ ሁሉ ለማን ነው?» ስትለው፣ «ለባልሽ» ይላታል፤ እሷም ድንጋዩን ጥላበት ትሮጣለች።

በሚቀጥለው ዓመት፣ በበልጉ ዋዜማ፣ ችግኙ ለመንቀል ደረሰ። ባዩና ሸረፋ አብረው ነቀሉ። ሸረፋ ድርሻውን ሲመርጥ ቀጫጭኖቹን ወሰደ፤ ባዩ ሲቆጣው፣ «እኔ እንሰት አላጣሁ» አለው። ከዚያ ዙሪያውን አይቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«አንድ ነገር ልንገርህ፤ ለኔ የነገረኝ የደበሌ ጋሪ ነጂ ነው» አለ። «የደበሌ ጓሮ ከመንገዱ በኩል የምታየው ብቻ ነው የቆመው። ከኋላው ያለው ወድቆ አልቋል። በጨለማ እያስጫነ ገደል አስጣለው፤ ሰው እንዳያይበት። ደግሞ ዘንድሮ አይደለም የጀመረው። አምና ለመስቀል ቅጠል ልትቆርጥለት ቢላህን ይዘህ ስትሄድ ታሞ ነበር። ያውቃል። ሳይነግርህ አስቆረጠህ።»

ባዩ ችግኙን እንደ ታቀፈ ቆመ። ያን መስቀል አስታወሰ። እሱ ታናሽ አማች ነው፤ ለአማቾቹ ድግስ ቅጠል መቁረጥ የእሱ ሥራ ነው። ደበሌ ፊት ለፊት ካለው ረድፍ ብቻ ቁረጥ ብሎት ነበር። ከዚያ በዚያው ቢላ ወደ ቤቱ መጥቶ የራሱን ጓሮ ቆረጠ። ደሙ አናቱ ላይ ወጣ። ከቁጣውም ጋር ደስታ መጣ፤ ክፉ ደስታ። ስንት ዓመት መልስ ሲያጣ የኖረ ሰው መልስ ተሰጠው። አንድ ቃል ብቻ፣ ከሰው ፊት። «ጋሼ፣ እንሰት የሌለው ጓሮ፣ ወንድ የሌለው ቤት፣ ከመንገዱ ነው ወይስ ከኋላ?» ቢለው ደበሌ ቡታጅራ ላይ ዳግም ቀና ብሎ አይሄድም።

«ምን ልታደርግ ነው?» አለ ሸረፋ፤ በመናገሩ የተጸጸተ መሰለ።

«ልተክል» አለ ባዩ።

ችግኙን በእርጥብ ቅጠል ጠቅልሎ በትከሻው ተሸከመ። ከሸረፋ ጓሮ ወደ ባዩ ቤት የሚወስደው አቋራጭ በወንዙ ነው፤ ሌሊት ዘንቦ ወንዙ ስለ ሞላ ግን በድልድዩ፣ በከተማው በኩል መዞር ግድ ሆነ። የገበያ ቀን ነው። ሰው ከመስቃንም ከእንሴኖም ወጥቷል። ባዩ መንገዱን እየሄደ ያቺን ቃል ምላሱ ላይ ያገላብጣታል። እንዴት እንደሚላት፣ በዝግታ ይሁን ጮክ ብሎ፣ ማን ማን ሲሰማ። እግሩ ሳያስበው ፈጠነ።

ደበሌ መጋዘኑ ደጅ ተቀምጧል። ከእሱ ጋር የማኅበሩ ሰዎች አሉ፤ ኅዳር ሚካኤል ከዋርካው ሥር የነበሩት። ደበሌ ችግኙን ሲያይ ፊቱ ለአንድ አፍታ ልውጥ አለ። ባዩ አየው። ወዲያው ግን ደበሌ ጭራውን ወዘወዘና ሳቀ።

«እንዴ፣ ባዩ! የቀበርከው ተነሣ?» አለ። «እስኪደርስ ግን ጥርስህ ያልቃል። የልጅህ ልጅ አላምጦ ያጉርስህ እንደ ሆነ እንጃ።»

ሰዎቹ ሳቁ። ባዩ ቆመ። ቃሉ አፉ ደርሷል፤ ከንፈሩም ተከፍቷል። ደበሌ ደግሞ አንድ ነገር የሚጠብቅ ሰው ይመስላል፤ ጭራው ቆሟል፤ ዓይኑ ችግኙ ላይ ተተክሏል። በዓይኑ ውስጥ ባዩ የሚያውቀው ነገር አለ። በጋ ላይ የደረቀ አፈር ሲያይ የነበረ ሰው ዓይን ነው።

ፀሐይዋ ከፍ ብላለች። ቅጠሉ ሥር የችግኙ እርጥበት ጀርባውን ማቀዝቀዝ አቁሟል። ሥሩ ሊደርቅ ነው። ቤት የሺመቤት ጉድጓዶቹን ቆፍራ፣ ፍጉን አዘጋጅታ፣ ውኃ ቀድታ፣ ልጆቹን በረድፍ አቁማ እየጠበቀች ነው። ያቺን ቃል ለመናገር የሚፈጀው ጊዜ ትንሽ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ጠቡ አለ፣ ሽማግሌው አለ፣ መሳደቡና መማሉ አለ፤ ችግኙ መሬት ላይ ተጥሎ ፀሐይ ይበላዋል። እግዚአብሔር የሰጠውን በትከሻው ተሸክሞ፣ ደበሌ የሰጠውን በአፉ ሊሸከም ነው። ሁለቱን ይዞ ድልድዩን መሻገር አይቻልም።

አፉን ዘጋ። ጭነቱን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ቅጠሉን በሥሩ ላይ አስተካክሎ ሸፈነ። ደበሌ አሁንም ያየዋል። ባዩ ምንም ሳይመልስለት በገበያው መሐል ወደ ድልድዩ ሄደ።